የጉማራና የርብ ወንዞች ፍሰትና የጣና ነጭ ዓሣ

የጉማራና የርብ ወንዞች ፍሰት ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ ጣና ሐይቅ የሚወርደው ውሃ መጠን፣ ፍጥነትና ወቅታዊ ውጣ ውረድ ነው። በሐይቁ ከሚኖሩት የነጭ ዓሣ (ላቤዮባርበስ) ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በሐይቁ ውስጥ ሳይሆን በነዚህና በሌሎች ገባር ወንዞች ነው። ስለዚህ በወንዞቹ ላይ ግድብ ሲሠራ፣ ውሃ በሞተር ሲሳብ ወይም አሸዋ ሲወጣ ለዓሣው ምን ያህል ውሃ፣ መቼና በምን ፍጥነት ሊቀርለት ይገባል የሚለው ጥያቄ ይነሣል። በውሃ ምሕንድስና ይህ የውሃ ድርሻ ሥነ ምኅዳራዊ ፍሰት ይባላል።

የወንዞቹ መነሻና መንገድ

ጉና ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ሲሆን በደቡብ ጎንደር በፋርጣ፣ በላይ ጋይንትና በእስቴ ወረዳዎች መካከል ይገኛል። ተራራው የውሃ ክፍያ ነው። በምዕራብ በኩል የዘነበው ዝናብ በርብና በጉማራ ወደ ጣና ይወርዳል። በድጓ ትምህርት ስሟ የታወቀው ቤተ ልሔም ባለችበት በጋይንት አገርና በስማዳ በኩል የሚወርደው ውሃ ግን ጣናን ሳይነካ በበሽሎና በሌሎች ወንዞች በኩል ይሄዳል። ይህ ልዩነት ለዓሣው ትልቅ ትርጉም አለው። ከጣና የሚወጣው ብቸኛ ወንዝ ዓባይ ነው፤ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎም ከፍታው 40 ሜትር በሚያህለው በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይወረወራል። ከፏፏቴው በታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ ሊመለስ ስለማይችል የጣና ዓሦች ለብዙ ሺህ ዓመታት ከሌላው የዓባይ ተፋሰስ ተለይተው ኖረዋል። በአንድ ተራራ ጀርባና ፊት የሚፈሱ ሁለት ምንጮች የተለያየ ዓሣ የሚያገኙትም በዚህ ምክንያት ነው።

ርብም ጉማራም ከተራራው በገደላማ አገር በፍጥነት ይወርዱና የፎገራ ሜዳ ሲደርሱ ይረጋጋሉ። የባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ ጉማራን ከሐሙሲት ወደ ወረታ ሲሄድ፣ ርብን ደግሞ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን ሲሄድ ይሻገራል። በሜዳው ላይ ወንዞቹ ደለላቸውን ስለሚጥሉ መሬቱ ለሩዝ የተመቸ ነው፤ በክረምትም ከዳርቻቸው ወጥተው ያጥለቀልቃሉ። ከጊልጌል ዓባይና ከመገጭ ጋር አራቱ ወንዞች ወደ ጣና ከሚገባው የወንዝ ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያደርሳሉ።

ነጭ ዓሣ

የባሕር ዳር ዓሣ አጥማጆች የጣናን ዓሣ በዋናነት በሦስት ይከፍሉታል፤ እነርሱም ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ነጭ ዓሣ የሚለው ስም ግን አንድ ዝርያ ሳይሆን 15 ያህል ዝርያዎችን ያቅፋል። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገሩን ጎብኝቶ ከመካከላቸው የተወሰኑትን ለሳይንስ አስተዋውቋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ከኔዘርላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች የአካል ቅርጻቸውን፣ የሚበሉትንና የሚኖሩበትን ጥልቀት አጥንተው እንደ አንድ ይታዩ የነበሩትን ለያዩአቸው። ከነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የሌላቸው መሆኑ ነው፤ የሚያደቅቁት ጉሮሮ ውስጥ ባለ ጥርስ ነው።

በዓለም ላይ ከዚህ ቤተሰብ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ወደ ብዙ ዝርያ የተከፋፈለ ሌላው የታወቀ ስብስብ በፊሊፒንስ ላናዎ ሐይቅ የነበረው ነው። እርሱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። የጣናው ብቻ ቀርቷል።

የክረምት ጉዞ

ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ጥልቀቱ ግን አማካዩ 8 ሜትር፣ ትልቁም 14 ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ጭቃ ይናወጣል፤ በዚህ ላይ የወደቀ እንቁላል ይዳፈናል። ከዝርያዎቹ ገሚሱ በሐይቁ ዳርቻ እንደሚራቡ ይታመናል፤ ወንዝ የሚወጡት ግን ሌላ ቦታ አይተኩላቸውም።

ክረምቱ ሲገባ፣ ሐምሌ ላይ፣ የበሰሉ ዓሦች በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባሉ። ወንዙ ሲሞላና ሲደፈርስ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራሉ፤ እንቅስቃሴው እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ዝርያዎቹ ሁሉ በአንድ ሳምንት አይወጡም፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ይመጣል። ይህ የጊዜ ልዩነት ዝርያዎቹ እንዳይዳቀሉ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ እንደሆነ ይገመታል።

እንቁላል የሚጣለው በዋናው ወንዝ አይደለም። በክረምት ዋናው ጉማራ በደለል የጠገበ፣ ቡና የመሰለ ውሃ ነው። ዓሦቹ ሜዳውን ሁሉ አልፈው ከተራራው ሥር ወደ ጉማራ የሚገቡትን ትናንሽ ገባሮች ይመርጣሉ። ከነዚህ አንዱ ዱካሊት ሲሆን በዚያ የሚፈልጉት ነገር ይገኛል፤ ጥልቀት የሌለው፣ ፈጣን፣ ጥሩ አየር ያለውና ሥሩ ጠጠር የሆነ ውሃ። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ይቀመጣል። ከተፈለፈሉ በኋላ ጫጩቶቹ ለጊዜው በወንዙ ኩሬዎች ቆይተው ቀስ በቀስ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። እንግዲህ ዓሣው ከአንድ ወንዝ አራት የተለያዩ ነገሮችን ይጠይቃል ማለት ነው፤ መጀመሪያ የሚጠራውን ሙላት፣ ቀጥሎ የሚያሳልፈውን ጥልቀት፣ ከዚያ ጠጠሩን የሚያጥብ ፍጥነት፣ በመጨረሻም ጫጩቱን ሳያደርቅ ቀስ ብሎ የሚጎድል ውሃ።

ፍሰት ለእንቁላል ምን ያደርጋል

በማንኛውም ጠንካራ ነገር ላይ ውሃ ሲፈስ፣ ከነገሩ ገጽ ጋር የተጣበቀ እጅግ ስስ የሆነ የረጋ የውሃ ንጣፍ ይኖራል። ኦክስጅን ወደ እንቁላሉ የሚደርሰው፣ ቆሻሻውም የሚወጣው ይህን ንጣፍ አቋርጦ ነው። ውሃው በፈጠነ ቁጥር ንጣፉ ይሳሳል። በዘገመ ቁጥር ይወፍራል፤ እንቁላሉም በውሃ ተከብቦ እያለ አየር ሊያጥረው ይችላል።

ይኸው ሕግ ከወንዝ ርቆ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ይታያል። በቤታቸው የባሕር ውሃ ገንዳ አዘጋጅተው ከቀይ ባሕርና ከሌሎች ሞቃት ባሕሮች የመጡ ኮራሎችን የሚያሳድጉ ሰዎች ትልቁ ሥራቸው ፍሰት መምረጥ ነው። ኮራል ከተጣበቀበት ስለማይንቀሳቀስ ምግቡንም ኦክስጅኑንም የሚያመጣለት ውሃው ነው። እነዚህ ሰዎች የሚለኩት ፓምፖቹ በሰዓት የሚያንቀሳቅሱትን ውሃ በገንዳው ይዘት አካፍለው ነው። ለምሳሌ 200 ሊትር ገንዳ ውስጥ በሰዓት 4,000 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ 20 እጥፍ ይባላል። ለስላሳዎቹ ኮራሎች ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 እጥፍ ይበቃቸዋል፤ ማዕበል በሚመታው የሪፍ ጫፍ የሚበቅሉት ጠንካራ ቅርንጫፋሞች ደግሞ ከ40 እጥፍ በላይ ይሰጣቸዋል። ቁጥሩ ግን መነሻ ብቻ ነው። አንድ ፓምፕ ሳይቋረጥ በአንድ አቅጣጫ ቢገፋ ፊት ለፊት ያለውን ኮራል ሥጋ ይልጣል፣ ከድንጋይ ጀርባ ያለው ደግሞ ቆሻሻ ይከማችበታል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሁለት ፓምፖችን በየተራ እያበሩና እያጠፉ የባሕሩን መመላለስ ይኮርጃሉ። ሳይለዋወጥ የሚፈስ ውሃ፣ መጠኑ ትክክል ቢሆንም እንኳ፣ ትክክለኛ ፍሰት አይደለም ማለት ነው። በወንዝም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ገንዳው ላይ የተሳሳተ ሰው በማግስቱ ፓምፑን ሊያስተካክል መቻሉ ነው።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ጣና ባለበት 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ የአየሩ ግፊት አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚቀንስ ይኸው ውሃ የሚይዘው 7 ሚሊግራም እና ትንሽ ነው። ዓሣው በድንጋይ መካከል የሚዘልለውን ውሃ መምረጡ ከዚህ አንጻር ሲታይ አያስገርምም።

ሌላው የፍጥነት ጥቅም ማጠብ ነው። ደቃቅ አሸዋ መነሣት የሚጀምረው ውሃው በሰከንድ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ሲጓዝ ነው። ከዚያ በታች ሲሆን አሸዋውና ደለሉ በጠጠሩ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላዋል፤ እንቁላሉ በሥር ካለ ይታፈናል።

መለካት

የወንዝ ፍሰት መጠን የሚገኘው የወንዙን ስፋት በጥልቀቱና በውሃው ፍጥነት በማባዛት ነው። መሣሪያ በሌለበት ቦታ በተንሳፋፊ ነገር መለካት ይቻላል። ለምሳሌ ወንዙ 6 ሜትር ስፋትና በአማካይ 0.4 ሜትር ጥልቀት ያለው ቢሆን፣ የተጣለ እንጨትም 10 ሜትሩን በ20 ሰከንድ ቢጨርስ፣ የላይኛው ውሃ ፍጥነት በሰከንድ 0.5 ሜትር ነው። ከሥር ያለው ውሃ ስለሚዘገይ ቁጥሩ በ0.85 ይባዛል። ውጤቱ 6 × 0.4 × 0.5 × 0.85 ሲሆን በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 1,000 ሊትር ያህል ይሆናል።

ይህ ቁጥር ብቻውን ለዓሣው ብዙ አይናገርም። ያው 1 ሜትር ኩብ 2 ሜትር ስፋትና 0.5 ሜትር ጥልቀት ባለው ጠባብ ቦታ ሲያልፍ በሰከንድ 1 ሜትር ይሮጣል። አሸዋ ተቆፍሮ ወደ 20 ሜትር በሰፋ ቦታ በዚያው ጥልቀት ሲያልፍ ግን ፍጥነቱ 10 ሴንቲሜትር ብቻ ይሆናል፤ ይህ ደለል የሚያስቀምጥ እንጂ ጠጠር የሚያጥብ አይደለም። ውሃው አልቀነሰም፣ ዓሣው ግን መራቢያውን አጥቷል። ለመንገድና ለሕንጻ ሥራ ከርብና ከጉማራ አሸዋና ጠጠር ማውጣት ለዓሣው ከውሃ መሳብ የማይተናነስ ጉዳት ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው።

ስንት ውሃ ይቅር?

በዓለም ላይ ሥነ ምኅዳራዊ ፍሰትን ለመወሰን ብዙ ዘዴዎች አሉ። በጣም ቀላሉና በብዙ የግድብ ጥናቶች የሚጠቀሰው አሜሪካዊው ቴናንት እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ነው። በእርሱ አቆጣጠር ከወንዙ ዓመታዊ አማካይ ፍሰት 10 በመቶው ዓሣውን ለአጭር ጊዜ ያቆየዋል፣ 30 በመቶው ደኅና ኑሮ ይሰጠዋል፣ 60 በመቶው እጅግ ጥሩ ነው። ዘዴው የተሠራው ከአሜሪካ ወንዞች በተገኘ ልምድ ነው።

በክረምት ሞልቶ በበጋ ለሚደርቅ ወንዝ ግን አማካይ የሚባለው ቁጥር ያሳስታል። ለመግለጽ ያህል አንድ የታሰበ ወንዝ ስምንት ወር በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ፣ አራት ወር ደግሞ 28 ሜትር ኩብ ቢፈስ ዓመታዊ አማካዩ 10 ይሆናል። በሰከንድ 10 ሜትር ኩብ የሚፈስበት ወር ግን በዓመቱ ውስጥ አንድም የለም። 10 በመቶው 1 ሜትር ኩብ ነው፤ ይህም ለጥር ወር ተፈጥሮ የሰጠችው መጠን ራሱ ሲሆን ለነሐሴ ግን ወንዙ ሞተ ማለት ነው። 30 በመቶው እንኳ፣ ማለትም 3 ሜትር ኩብ፣ ለጥር ከሚያስፈልገው በላይ ሆኖ ለነሐሴ ከተለመደው አንድ ዘጠነኛ ብቻ ነው። ደንቡ በወረቀት ላይ ዓመቱን ሙሉ ተከብሮ አንድም ነጭ ዓሣ ላይወጣ ይችላል።

ለጣና ገባሮች የሚስማማው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በደቡብ አፍሪካ የዳበረው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ አንድ ቁጥር አይሰጥም። ወንዙ በዓመቱ ውስጥ ያለው መልክ በክፍል በክፍል ይገነባል፦ የበጋ ዝቅተኛ ፍሰት፣ የመጀመሪያው የክረምት ሙላት፣ ትልቁ ጎርፍ፣ ከዚያም የመስከረምና የጥቅምት ቀስ ያለ መጉደል። እያንዳንዱ ክፍል የሚያገለግለው ፍጥረት ተጠቅሶ መጠኑ ይወሰናል። ሥራው ብዙ የመስክ ልኬት ስለሚጠይቅ ብዙ ጊዜ ይታለፋል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ ለሰውና ለከብት መሠረታዊ ፍላጎት እንዲሁም ለአካባቢ የሚቀመጠው የውሃ ክምችት በድልድሉ ቅድሚያ እንደሚሰጠው ያስቀምጣል። መጠኑን ለየወንዙ በቁጥር ማውጣት ለጥናት የተተወ ነው።

የርብ ግድብ

የርብ መስኖ ግድብ ከተራራው ወደ ሜዳው በሚወርደው ወንዝ ላይ የተሠራ፣ ከ70 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ የሚይዝ ነው። ግንባታው የተጀመረው በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሲሆን ዓላማው በፎገራና በአካባቢው በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር መሬት በበጋ ማልማት ነው። ለአንድ የፎገራ ገበሬ ይህ ውሃ ሁለተኛና ሦስተኛ ምርት ማለት ነው። ግድቡ የክረምቱን ጎርፍም ያለዝባል።

ለዓሣው ነገሩ ሌላ ነው። ይህን ያህል ከፍታ ያለውን ግንብ የሚሻገር ነጭ ዓሣ የለም፤ ከግድቡ በላይ ያሉት ጠጠራማ ወንዞች ተዘግተዋል። የቀረው ከግድቡ በታች ያለው ወንዝና በዚያ የሚገቡት ገባሮች ናቸው። እዚያ ደግሞ አስቸጋሪው ጊዜ ሐምሌ ነው። የመስኖው ወቅት ሲያበቃ ማጠራቀሚያው ጎድሎ ስለሚቆይ የክረምቱ የመጀመሪያ ውሃ የሚሄደው እርሱን ለመሙላት ነው። ዓሣውን ከሐይቁ የሚጠራው ሙላትም ይኸው የመጀመሪያ ውሃ ነው።

ሁለቱን ማስታረቅ ምን ያህል ያስከፍላል የሚለው በስሌት ሊታይ ይችላል። በሰከንድ 20 ሜትር ኩብ ውሃ ለሦስት ቀን ያለማቋረጥ ቢለቀቅ 5.2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይወጣል፤ ይህም ከማጠራቀሚያው ሙሉ ይዘት 2.2 በመቶ ገደማ ነው። ቁጥሩ ለምሳሌ የተወሰደ ነው፤ ትክክለኛው መጠን ከግድቡ በታች የወንዙ ስፋት ተለክቶ የሚገኝ ነው። ሆኖም ለዓሣው የሚለቀቅ ሙላት የመስኖውን ውሃ ይጨርሳል ለማለት እንደማያስችል ያሳያል። የሚለቀቀው ውሃ ከየት ጥልቀት እንደሚወጣም ወሳኝ ነው፤ ከማጠራቀሚያው ሥር የሚወጣ ውሃ ቀዝቃዛና ኦክስጅን ያነሰው ሊሆን ይችላል። በሩ በአንድ ጊዜ ሲዘጋ ደግሞ በዳር ኩሬዎች ያሉ ጫጩቶች በደረቅ ይቀራሉ።

በጉማራም ላይ ተመሳሳይ ግድብ ለመሥራት ጥናቶች ሲካሄዱ ቆይተዋል። በጉማራ በኩል እንደ ዱካሊት ያሉት ገባሮች በደንብ የታወቁ መራቢያዎች ስለሆኑ የግድቡ ቦታ ከነርሱ በላይ ወይም በታች መሆኑ ከግድቡ ቁመት የበለጠ ይወስናል።

ሌሎች ተጽዕኖዎች

በዓሣው መቀነስ ፍሰት ብቻውን ተጠያቂ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 በጣና ላይ በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማሥገር ተጀመረ። ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች በወንዝ አፍ ሲሰበሰቡ በቀላሉ ስለሚያዙ ከ1991 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ውስጥ ብዛታቸው ሦስት አራተኛ ያህል እንደቀነሰ ተመዝግቧል። በሐይቁ ውስጥ የሚራቡት በዚያ መጠን አልቀነሱም፤ ይህም ችግሩ በጉዞው ላይ እንዳለ ያመለክታል። በወንዞቹ ውስጥ ደግሞ የብርብራን ፍሬ ወቅጦ በኩሬ ላይ በመበተን ዓሣውን አደንዝዞ የመያዝ የቆየ ልማድ አለ። ብርብራ ትልቁንም ጫጩቱንም አይለይም፤ ውሃው ባነሰ ቁጥር መርዙ ይጠነክራል።

የፌዴራል የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ እ.ኤ.አ. በ2003 በቁጥር 315 ወጥቷል። የጣና አካባቢም በ2015 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ከሐይቁ መውጫ በኩል የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ በ1996፣ የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ደግሞ በ2010 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ሥራ ከጀመሩ ወዲህ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ላይ የሚወርደው ውሃ መቀነሱን ጎብኚ ሁሉ ያየዋል፤ በዚያ በኩል ምን ያህል ውሃ ይለቀቅ የሚለው ክርክር ለሕዝብ የቀረበውም በዚህ ምክንያት ነው። በርብና በጉማራ በኩል ያለው ግን ከደፈረሰ ውሃ ሥር ስለሚካሄድ ከዓሣ አጥማጆችና ከተመራማሪዎች በስተቀር የሚያየው የለም። በባሕር ዳር ገበያ የሚታየው የነጭ ዓሣ መጠን ላይ ግን የአንድ ክረምት መራባት ውጤት የሚገለጠው ጫጩቶቹ አድገው መረብ የሚይዛቸው ሲሆኑ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።